ስለ ላፕቶፕ ኀይል ቈጣቢ ሥርዐት፤ ከመነሻው እንዴት እንደሚዘጋና ምን ያህሉ ሊዘጋ እንደሚገባ

መግቢያ

በዛሬው ዘመን የብራና መጻሕፍት በፎቶግራፍ እየተነሡ በኮምፒውተር መቀመጣቸው እየበዛ መጥቷል። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚመጡ ምእመናንም በበዓሉ ያነሡትን ምስልና የቀዱትን ድምፅ ከስልካቸውና ከካሜራቸው ወደ ሀርድ ዲስክ ያዛውራሉ። ይህ ሥራ ሰዓታት የሚፈጅ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ማታ ተጀምሮ ሌሊቱን እንዲያድር ይደረጋል። ሰውም ላፕቶፑን አምኖ ወደ ማረፊያው ይሄዳል።

አንድ ወንድም በውሰት የመጣ የብራና መጽሐፍ ገጽ በገጽ አነሣ። መጽሐፉን ያመጣው እንግዳ የዚያኑ ቀን ወደ አገሩ የሚመለስ ነበርና መጽሐፉን ይዞ ሄደ። ወንድም ምስሎቹን ከካሜራው ካርድ ወደ ውጭ ሀርድ ዲስክ እንዲዛወሩ አዝዞ፣ ላፕቶፑን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኝቶ ተኛ። ለሰዓታት ጸሎት ሲነሣ ስክሪኑ ጨልሞ አገኘው። ቢቀሰቅሰው ሀርድ ዲስኩ አልታወቀም የሚል ቃል ወጣ። ከካርዱ የተዛወሩት ምስሎች ከካርዱ ላይ ጠፍተዋል፤ በሀርድ ዲስኩ ላይ ካሉትም አብዛኞቹ አልከፈት አሉ። መጽሐፉ ደግሞ ባሕር ተሻግሯል።

ይህ ጥፋት ከምን መጣ ቢሉ፤ ላፕቶፑ ታሞ አይደለም፤ የታዘዘውን ፈጽሞ ነው። ሰው ካልነካው እንዲያንቀላፋ በሠሪዎቹ ታዝዞ ነበርና አንቀላፋ። ጥፋቱ ትእዛዙን ሳያውቁ ሥራውን በዐደራ መስጠት ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ኀይል ቈጣቢው ሥርዐት ምን እንደ ሆነ፣ የት የት እንደሚገኝ፣ የትኛው ክፍል እንደሚዘጋና የትኛው እንደማይነካ በየተራ ያስረዳል።

1ኛ. ኀይል ቈጣቢ ሥርዐት ምንድር ነው?

ኀይል ቈጣቢ ሥርዐት ማለት ኮምፒውተሩ ሥራ የፈታ በመሰለው ጊዜ የማያስፈልገውን ክፍል እያጠፋ ወይም እያዳከመ፣ ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅና አካሉም እንዳይግል የሚያደርግ አስተዳደር ነው። በገዳም ቢመስሉት መጋቢን ይመስላል። መጋቢ የገዳሙን ዘይትና እህል ቈጥሮ የሚጠብቅ ነው። ማንም የማያነብበት መብራት በርቶ ቢያገኝ ያጠፋል፤ ማጥፋቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጸሓፊው ብራናውን ዘርግቶ በሚጽፍበት ሰዓት ቢያጠፋው መስመሩ ይጣመማል፤ ቀለሙም ይፈስሳል። መጋቢው ለምን አጠፋው ቢሉ፤ ጸሓፊ መኖሩን የነገረው ሰው የለምና ነው።

ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። የሰውን መኖር የሚያውቀው በተለይ ኪቦርድና ማውስ በመነካታቸው ነው። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም «ገና አልጨረስሁምና አትተኛ» ብሎ የሚያመለክትበት መንገድ ተሰጥቶታል፤ ሁሉም ፕሮግራም ግን ይህን አያደርግም። ሳያመለክት የቀረ ፕሮግራም ሥራው በመካከል ይቋረጣል።

ይህ አስተዳደር በአንድ ጊዜ የተሠራ አይደለም። ኢንቴልና ማይክሮሶፍት በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኤፒኤም የተባለውን ሥርዐት አወጡ። በዚያ ሥርዐት መቼ እንደሚተኛ በአብዛኛው የሚወስነው ባዮስ ነበር። ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው፣ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ የተቀመጠው ትንሽ ፕሮግራም ነው። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን አዲስ ስምምነት አወጡ። በዚህ ጊዜ ውሳኔው ከባዮስ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተላለፈ፤ የባዮስ ድርሻ ስለ ማሽኑ አካል ዝርዝር ማቅረብ ሆነ። ዛሬ ዊንዶውስም ሊኑክስም የሚሠሩት በዚሁ ስምምነት ነው። ስምምነቱንም ከ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚጠብቀው የዩኢኤፍአይ ማኅበር ነው።

ይህን ታሪክ ማወቅ ምን ይጠቅማል ቢሉ፤ እንቅልፉን የሚያዝዘው ማን እንደ ሆነ ያሳያል። መጋቢው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ በተነሣ ቍጥር ትእዛዙን ከተጻፈበት ቦታ ያነባል። እንግዲህ ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ ብቻ የተነገረው ትእዛዝ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ይረሳል፤ በመነሻው በሚነበበው ቦታ የተጻፈው ግን ይጸናል።

2ኛ. የእንቅልፍ ዐይነቶች

ኤሲፒአይ የማሽኑን ሁኔታ በኤስና በቍጥር ይጠራዋል።

ኤስ 0 ንቁ ሆኖ መሥራት ነው።

ኤስ 3 ተራ እንቅልፍ ነው፤ በምናሌው ላይ «ስሊፕ» የሚባለው በብዙ ላፕቶፖች ይህ ነው። ፕሮሰሰሩና ሌላው አካል ይጠፋሉ፤ ራም ብቻ ትንሽ ኀይል እያገኘ የያዘውን ይዞ ይቈያል። ባትሪው ፈጽሞ ቢያልቅ በራም ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ኤስ 4 «ሃይበርኔት» የሚባለው ጥልቅ እንቅልፍ ነው። በራም ያለው ሁሉ በዲስክ ላይ ይጻፍና ማሽኑ ይጠፋል። ኀይል ቢቋረጥም የተጻፈው አይጠፋም።

ኤስ 5 በሥርዐት መጥፋት ነው።

በአዳዲስ ላፕቶፖች ኤስ 3 ቀርቶ «ሞደርን ስታንድባይ» የሚባል ሌላ ዐይነት ገብቷል። ይህ ስክሪኑን አጥፍቶ፣ ማሽኑን በኤስ 0 ውስጥ እንዳለ በጣም አዳክሞ የሚያቈይ ነው።

ከነዚህ በቀር የክፍል እንቅልፍ አለ። ማሽኑ በሙሉ ነቅቶ ሳለ አንዱ አካል ብቻውን ይተኛል። ለምሳሌ የዩኤስቢው በር ጥቂት ጊዜ ያልተጠቀሙበት ሲመስለው ኀይሉን ያቋርጣል። የውጭ ሀርድ ዲስክ በድንገት «ተነቅሏል» የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ስለ በራ ብቻ ሁሉ ነቅቷል ብሎ ማመን አይገባም።

3ኛ. ዘይት መያዝና ነቅቶ መቈየት

ብዙ ሰው «ቻርጀሩን ከሰካሁት አይተኛም» ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 የተነገረውን የዐሥሩን ደናግል ምሳሌ ያስታውሷል። አምስቱ ዘይት ይዘው ነበር፤ አምስቱ አልያዙም። ዳሩ ግን ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ያንቀላፉት ዐሥሩም ናቸው። ዘይት መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ነቅቶ መቈየት ሌላ ነገር ነው።

በዊንዶውስ ለባትሪ ጊዜና ለቻርጀር ጊዜ የተለያየ ሰዓት ተወስኗል። ቻርጀር ሲሰካ እንቅልፉ ይዘገይ ይሆናል እንጂ አይቀርም። በመግቢያው የተነገረው ወንድም ዘይት ነበረው፤ የትጋትን ትእዛዝ ግን አልሰጠም።

4ኛ. በዊንዶውስ እንዴት ይደረጋል?

ሀ. ሰዓቱንና ክዳኑን ማስተካከል። «ሴቲንግስ» ተከፍቶ «ሲስተም» ከሚለው ውስጥ ስለ ኀይል የሚናገረው ክፍል ይመረጣል። በዚያ ማሽኑ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንዲተኛ የሚጠይቅ መስመር አለ። በቻርጀር ላይ ላለው «ኔቨር»፣ ማለት ፈጽሞ አይሁን የሚለው ይመረጣል። በባትሪ ላይ ላለው ግን እንደ ነበረ ይተው። ከዚያ በ«ኮንትሮል ፓነል» «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ ምን ይሁን የሚለው ይፈለግና በቻርጀር ጊዜ ምንም እንዳያደርግ ይታዘዛል። ስክሪኑ ግን ቢጨልም ሥራውን አይጎዳምና እንዲጨልም መተው መልካም ነው።

ለ. የዩኤስቢውን በር ማንቃት። «ዲቫይስ ማኔጀር» ተከፍቶ በዩኤስቢ ዝርዝር ውስጥ «ዩኤስቢ ሩት ሀብ» የተባለው ይመረጣል። በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ስለ ኀይል አስተዳደር የሚናገር ገጽ አለ። ኮምፒውተሩ ኀይል ለመቈጠብ ይህን አካል እንዲያጠፋው የሚፈቅደው የራይት ምልክት ይነሣል። ብዙ ሩት ሀብ ካለ በእያንዳንዱ ላይ ይደረጋል። ሞደርን ስታንድባይ ባላቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ይህ ገጽ አይታይም፤ ቢታጣ ሰው ማሽኔ ተበላሽቷል ብሎ አይደንግጥ።

ሐ. «ፋስት ስታርታፕ» የተባለውን ማንሣት። ይህ በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣ ነው። «ሻት ዳውን» ሲባል ማሽኑ የጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን የተጠቃሚው ሥራ ብቻ ይዘጋና የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ልብ በዲስክ ላይ ተጽፎ እንደ ሃይበርኔት ይተኛል። በማግስቱ ሲበራ ፈጥኖ የሚነሣው ስለዚህ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ማሽኑ ከአዲስ ስላልተነሣ የተለወጠው ማስተካከያ በሙሉ ላይነበብ ይችላል። ሁለተኛው፣ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ካሉ ዊንዶውስ ተኝቶ የተወውን ክፍል ሊኑክስ ከፍቶ ቢጽፍበት መረጃው ይበላሻል። ይህን ለማንሣት በ«ፓወር ኦፕሽንስ» የኀይል ቍልፎቹ ምን እንዲያደርጉ የሚወስነው ገጽ ይከፈታል፤ የተቈለፈውን ለመለወጥ የሚፈቅደው መስመር ይጫናል፤ ከዚያ «ፋስት ስታርታፕ» ካለው ላይ ምልክቱ ይነሣል።

ምልክቱን ያላነሣ ሰው ማስተካከያውን ለመፈተን ሲፈልግ «ሻት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት» ይበል። «ሪስታርት» ማሽኑን በእውነት ከአዲስ ያስነሣዋልና።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንዶች ፋስት ስታርታፕን ለማጥፋት ሃይበርኔትን ከነሥሩ የሚያጠፋ ትእዛዝ ይጽፋሉ። ፋስት ስታርታፕ በሃይበርኔት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ በርግጥ አብሮ ይጠፋል። ነገር ግን ባትሪ ሊያልቅ ሲል ሥራውን በዲስክ ጽፎ የሚያድነው ይኸው ሃይበርኔት ነው። ምልክቱን ማንሣት እየበቃ ሥሩን መንቀል አይገባም።

5ኛ. በሊኑክስ እንዴት ይደረጋል?

በገዳማትና በትምህርት ቤቶች ያረጁ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ በሊኑክስ ይሠራሉ። በሊኑክስ ማሽኑ ሲነሣ «ግረብ» የተባለው አስነሺ ፕሮግራም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ልብ፣ ማለት «ከርነል»ን፣ ሲጠራ አንድ የትእዛዝ መስመር ያነብብለታል። ከርነል ይህን መስመር ገና ሲነሣ ይሰማል። የኀይል ማስተካከያም በዚህ መስመር ሊጨመር ይችላል። ቃላቱ በማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ በዚህ ጽሑፍ ግን እንደ ንባባቸው ተቀምጠዋል።

ቃሉን አስቀድሞ መፈተን ይገባል። በመነሻው የግረብ ምናሌ ሲታይ «ኢ» የሚለውን ፊደል መጫን መስመሩን ይከፍታል። «ሊኑክስ» በሚል ቃል በሚጀምረው መስመር መጨረሻ አዲሱ ቃል ይጨመርና ኤፍ 10 ይጫናል። ይህ ለዚያች አንዲት መነሻ ብቻ ይሠራል፤ ክፉ ቢሆን ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። መልካም ሆኖ ከተገኘ፣ በ«ኢቲሲ» ፎልደር፣ በ«ዲፎልት» ውስጥ ባለው «ግረብ» በተባለ ፋይል ይጻፋል። በኡቡንቱና በዴቢያን ከዚያ በኋላ «አፕዴት ግረብ» የሚለው ትእዛዝ ካልተሰጠ ግን የተጻፈው አይነበብም። ብዙ ሰው ጽፎ «አልሠራልኝም» የሚለው ይህችን አንዲት ነገር ረስቶ ነው።

ለዩኤስቢ በር የሚጻፈው ቃል «ዩኤስቢኮር ነጥብ ኦቶሰስፔንድ» ሲሆን፣ ከእኩል ይሆናል ምልክት በኋላ ሲቀነስ 1 ይጻፍለታል። ነባሩ ቍጥር 2 ነው፤ ትርጓሜውም እንዲተኛ የተፈቀደለት አካል 2 ሰከንድ ሥራ ሲፈታ ይተኛ ማለት ነው። ሲቀነስ 1 ግን በራሱ አይተኛ ማለት ነው።

ሌላው «ፒሲአይኢ ኤኤስፒኤም» የሚባለው ነው። ይህ ፕሮሰሰሩን ከኔትወርክ ካርድና ከዲስክ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ የሚያዳክም ቍጠባ ነው። ብዙዎች «ኦፍ» ብለው ይጽፉና የጠፋ ይመስላቸዋል። ቃሉ አጥፋ ይላል፤ ትርጓሜው ግን በከርነሉ መመሪያ እንደ ተገለጸው «አትንካው፤ ባዮስ እንዳስቀመጠው ተወው» ማለት ነው። ባዮስ ቍጠባውን አብርቶት ከነበረ እንደ በራ ይቀራል። የቃልን ንባብ ማወቅ ትርጓሜውን ማወቅ እንዳይደለ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የማሽኑን ሙሉ እንቅልፍ ለመከልከል ደግሞ «ሲስተምዲ» የተባለው የመነሻ አስተዳዳሪ የእንቅልፍ በሮችን «ማስክ» በሚለው ትእዛዝ መዝጋት ይችላል፤ እስኪከፈቱም ድረስ ከመነሻ እስከ መነሻ ተዘግተው ይቈያሉ።

6ኛ. መጋቢውን ስለ ማባረር

አንዳንድ ሰው በተቸገረ ጊዜ ትዕግሥት አጥቶ በዚያ መስመር ላይ ኤሲፒአይ በሙሉ ይጥፋ የሚል ቃል ይጽፋል። ይህ መብራት አጠፋ ብሎ መጋቢውን ከነቍልፉ ከገዳም እንደ ማባረር ነው። መብራቱ በርግጥ አይጠፋም፤ ነገር ግን የዕቃ ቤቱ ቍልፍም አብሮ ይሄዳል። ኤሲፒአይ የእንቅልፍ ሥርዐት ብቻ አይደለም፤ የማሽኑን አካል ዝርዝር ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያቀርብ ነው። እርሱ ሲጠፋ በብዙ ላፕቶፖች የባትሪው ልክ አይታይም፤ ማሽኑ በራሱ መጥፋት ያቅተዋል፤ የማራገቢያው አስተዳደር ሊዛባ ይችላል፤ ከፕሮሰሰሩም ክፍል ሥራ የሚፈታ ይኖራል። አንዳንዱ ላፕቶፕም ጨርሶ አይነሣም። ይህ ቃል የማሽን ችግር ለሚመረምር ሰው ለአንድ ጊዜ መፈተኛ ይሆናል እንጂ የዘወትር ማስተካከያ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ የሚከተሉት ሦስት ነገሮች አይነኩ።

አንደኛ፣ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ማሽኑን ወደ ሃይበርኔት የሚያስገባው ትእዛዝ። መብራት በሌሊት ቢቋረጥ የመጨረሻው መጠጊያ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ሙቀት ሲበዛ ፕሮሰሰሩን የሚያዘገየው ጥበቃ። ነቅቶ የሚያድር ላፕቶፕ አየር በሚያገኝ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ እንጂ በአልጋ ልብስና በምንጣፍ ላይ አይተው። ክዳኑም ቢቻል ተከፍቶ ይደር።

ሦስተኛ፣ በባትሪ ጊዜ ያለው ቍጠባ። ለሥራው ያስፈለገው በቻርጀር ጊዜ ያለውን መዝጋት ነውና ሌላው ይቈይ።

ደግሞ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚያድር የሊቲየም ባትሪ በሙላትና በሙቀት ብዛት ያረጃል። ላፕቶፑ የመሙያውን ልክ ወደ 80 ከመቶ ዝቅ ማድረግ የሚፈቅድ ከሆነ እንዲህ ማድረግ ዕድሜውን ያረዝማል።

7ኛ. ለአንዲት ሌሊት ብቻ የሚሆን መንገድ

ሥራው ለአንዲት ሌሊት ብቻ ከሆነ የመነሻውን ትእዛዝ መለወጥ ላያስፈልግ ይችላል። መጋቢውን ጠርቶ «ዛሬ ጸሓፊው እስኪጨርስ ይህችን መብራት ተዋት» ማለት ይበቃል። በሊኑክስ «ሲስተምዲ ኢንሂቢት» የሚባለው ትእዛዝ አንድ ሥራ እስኪፈጸም ብቻ እንቅልፍን ይከለክላል፤ ሥራው ሲያልቅ ክልከላው በራሱ ይነሣል። በዊንዶውስም ማይክሮሶፍት በነጻ በሚሰጠው «ፓወርቶይስ» ውስጥ «አዌክ» የሚባል መሣሪያ ይህንኑ ለተወሰነ ሰዓት ያደርጋል። በየሌሊቱ ለሚሠራበት ላፕቶፕ ግን የመነሻውን ማስተካከል ይሻላል፤ ሰው ይረሳልና።

ማንኛውንም ነገር ከመለወጥ አስቀድሞ የነበረውን በወረቀት መጻፍ፣ አንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው የትኛውም እንደ ጎዳው አያውቅም። ከለወጠም በኋላ ዋጋ በሌለው ነገር ይፈትነው። ጥቂት ያረጁ ምስሎችን ለአንዲት ሰዓት ሲያስገለብጥ ቈይቶ ይመልከት እንጂ የገዳሙን መጽሐፍ መፈተኛ አያድርገው።

ከሁሉም በላይ፣ መጽሐፉን የሚገለብጥ ሰው «ማዛወር»ን ትቶ «ኮፒ»ን ይምረጥ። የተገለበጠው ከዋናው ጋር በቍጥርና በመጠን ተነጻጽሮ፣ ምስሎቹም ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ ካርዱ አይደምሰስ። የብራና ጸሓፊ እንኳ የጻፈውን ከዋናው ጋር ሳያመሳክር ዋናውን አይመልስም። በመግቢያው የተነገረው ወንድም ይህን አድርጎ ቢሆን ላፕቶፑ ቢያንቀላፋም የሚጠፋው የአንዲት ሌሊት ሥራ ብቻ በሆነ ነበር።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ቻርጀር የተሰካበት ላፕቶፕ ስለ ምን ሊተኛ ይችላል?

2. በኤስ 3 እና በኤስ 4 መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? ባትሪ ቢያልቅ በየትኛው ያለው ሥራ ይጠፋል?

3. ስክሪኑ በርቶ ሳለ የውጭ ሀርድ ዲስክ «ተነቅሏል» የሚባለው ከምን የተነሣ ሊሆን ይችላል?

4. ፋስት ስታርታፕ ባልተነሣበት ላፕቶፕ ማስተካከያን ለመፈተን «ሪስታርት» ከ«ሻት ዳውን» የሚመረጠው ለምንድር ነው?

5. ኤሲፒአይን በሙሉ ማጥፋት መጋቢን ከማባረር ጋር የተመሳሰለው በምን በምን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።